ሞርሳው ላይ የተቀረጸው ስም

ይህ ልጃችን ከመወለዱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረናል። የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ክርስትና ሳትነሣ በአራስነቷ ሄደች። ሁለተኛው ወንድ ነው። ድክ ድክ ማለት ጀምሮ፣ የጋራዤን በር ተደግፎ መቆም ተምሮ ነበር፤ ተቅማጥ ይዞት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ።

ሰፈሩ ሚስቴን ሾተላይ አለባት አለ። ሐኪሞቹ የሁለታችንንም ደም መርምረው ከደም የመጣ ነገር እንደሌለ ነግረውን ነበር፤ ግን የሐኪም ወረቀት የሰፈር አፍ አይዘጋም። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጎረቤት ሁሉ የልጁን የክርስትና ልብስ እሷ ጋ ያሰፋል፤ ድግሱ ላይ ግን እሷ አትገኝም። «ዓይኗ ይከብዳል ይሉኛል» ትለኝ ነበር።

ሦስተኛውን ስትፀንስ ለእኔም አልነገረችኝም። ያወቅሁት ሆዷ ገፍቶ ከታየ በኋላ ነው። ተቆጣሁ።

«አውቄ ነው የደበቅሁህ» አለችኝ። «አንተ ደስ ይልሃል። ደስ ሲልህ ደግሞ ፊትህ ያወራል።»

አማቴ የሚኖሩት ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት በላይ ባለ መንደር ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታሉ። ገበያ ሲወጡ ጋራዤ ጎራ ብለው አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ የእሳቸውም ጭንቀት የስም ጉዳይ ነበር። በእኛ አገር ልጅ አልቆም ያላት እናት ለምትወልደው ልጅ ውሻ፣ አመድ፣ ጉድፍ የሚል ስም ታወጣለታለች፤ ሞት ንቆ እንዲያልፈው። ሚስቴ ግን ሞቼ እገኛለሁ ብላ ምላለች፤ «ልጄን ውሻ ብዬ አልጠራም። ይሙት ካለም እንደ ሰው ይሙት።» በዚህ እናትና ልጅ ተኳርፈው ከርመዋል።

አንድ የገበያ ቀን አማቴ ጎማው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ጋር በብሎን የታሰረውን ትልቅ ሞርሳ ትክ ብለው አዩት። ሞርሳ ብረት ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ እሱ ይይዝልኛል፣ እኔ እሞርዳለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ያወረሱኝ ዕቃ ነው። እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው መንገድ ይሠሩ ከነበሩ ጣልያኖች ካምፕ እንዳገኙት ይናገሩ ነበር። ጎኑ ላይ በመሮ የተቀረጸ የላቲን ፊደል አለበት። ሽማግሌው «ሬናቶ» ብለው ያነቡታል፤ የፋብሪካው ስም ነው ብለውም አስተምረውኛል። እኔም ለሠራተኞቼ ያንኑ አስተማርኩ። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ሬናቶ፤ ለእኛ ሁሉም የጋራዥ ቃል ነው። «ሬናቶ ላይ እሰረው» ካልኩ ሠራተኛው ሞርሳው ላይ ያስረዋል።

«ይኸ አፉን የከፈተ ብረት ምንድን ነው?» አሉኝ አማቴ።

«ሬናቶ እንለዋለን፣ እማ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም። የፈረንጅ ነው፣ የብረቱ ስም ነው።»

«የነከሰውን ይለቃል?»

«እኛ ካልፈታነው አይለቅም።»

የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሞርሳውን ደግመው አዩት። ከዚያ «እንግዲያማ ስሙ ይኸ ይሁን» አሉ።

«የማን ስም?»

«የምትወልደው ነዋ! ውሻም አላልነው፣ አመድም አላልነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደስ ብሏችሁ ደስታችሁን ስም አድርጋችሁ አወጣችሁላቸው። ሞት ደግሞ አማርኛ ይሰማል፣ ልጄ። ይኸን ግን ከየት ያውቀዋል?»

ሳቅሁ። ቤት ስገባ ለሚስቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። መቀሷን አስቀምጣ «ትርጉም የለውም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። የለውም አልኳት። «እርግጠኛ ነህ?» አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ስሙ በዚያው ጸና።

ወንድ ተወለደ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የንስሐ አባታችን የክርስትና ስም ሰጡትና መጠሪያውን ጠየቁን። ነገርናቸው።

«ይኸ ደግሞ እንዴት ያለ ስም ነው?»

«የብረት ስም ነው፣ አባ» አሉ አማቴ ቀድመውኝ።

አባ ፈገግ ብለው «ብረት ያድርገው» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙን።

አደገ። ታላቁ የሄደበትን ዕድሜ ሲያልፍ ያን ሰሞን ሚስቴ ከመኝታዋ እየተነሣች ትንፋሹን ስታዳምጥ እኔም እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ አዳምጥ ነበር። አፉን ሲፈታ ራሱን «ናቶ» ይል ጀመር። ናቶ ውሃ። ናቶ መኪና። ጋራዥ ይዤው ስሄድ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ዳዶና ብሎን እየጨመረ ሲያንኳኳ ይውላል። ድምፅ ይወድ ነበር። ሞተር ሲነሣ እጁን እያጨበጨበ አብሮ ይጮኻል።

የሁለት ዓመት ልጅ ሲሆን ከግቢያችን ጀርባ አንዲት አሮጊት ተከራዩ። አስመራ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው ጣልያኖች ቤት ሞግዚት ሆነው ሠርተዋል፤ ኋላ ወታደር አግብተው በዚያው ወደ እኛ አገር መጡ፣ ባላቸው ሲሞቱም እሳቸው እዚሁ ቀሩ። በገቡ ሰሞን ሚስቴ ልጁን በስሙ ስትጣራ ሰምተው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ሬናቶ የምትይው ማንን ነው?»

«ልጄን ነው፣ እትዬ።»

ፊታቸው ፈካ። «አዬ! ይኸን ስም ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ማን አወጣለት? ትርጉሙን ታውቂያለሽ?»

ሚስቴ የምትሰፋውን ጨርቅ እንደ ያዘች ብድግ አለች። «እባክዎ አይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ? ክፉ እኮ አይደለም፤ እንዲያውም...»

«ክፉም ይሁን ደግም ይሁን አይንገሩኝ። ትርጉም የለውም ብለን ነው ያወጣንለት።»

አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የልጆቻችንን ወሬ ከሰፈር ሰምተው ኖሯል። «እሺ ልጄ» አሉ፤ «ረስቼዋለሁ።» ከዚያም ቃላቸውን ጠብቀው ልጁን በስሙ ሳይሆን «ጎረቤቴ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

እኔ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ትርጉም የለውም ብዬ የማልሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሮጊቷ የተሰበረ የምድጃ እግር ሊያስበይዱ ጋራዥ ሲመጡ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ አልናገርም አሉ። ሞርሳውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት።

«ይኸ የፋብሪካ ስም አይደለም» አሉ። «ፋብሪካ በመሮ አይጽፍም። የሰውዬው ስም ነው። ዕቃው እንዳይጠፋበት ስሙን ቀርጾበት ነው።»

«የሰው ስም ነው?»

«የወንድ ስም ነው እንጂ! ዳግም የተወለደ ማለት ነው። ያሠሩኝ የነበሩት ጣልያናዊት እመቤቴ ሲነግሩኝ ከጥንቱ ከላቲን የመጣ ነው። ድሮ ክርስቲያኖቹ ለተጠመቀ ሰው ያወጡት ነበር አሉ፤ ከውሃው ዳግም ተወለደ ሲሉ። ልጅ የሞተባት እናትም በላዩ ወንድ ስትወልድ፣ የሄደው ተመለሰልኝ ብላ ታወጣዋለች። እኔ ያሳደግሁት ልጅ እንደዚያ ነበር። ታላቁ ሞቶ፣ በላዩ የተወለደ።»

የምድጃውን እግር በይጄ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የማላውቀውን ሰውዬ አሰብኩት። እኔ የፋብሪካ ስም ስለው የኖርኩት፣ የእናት ልጅ ነበር። ምናልባት የእሱም እናት አንድ ቀብራ ይሆናል። ምናልባት የእሷም ጎረቤቶች ዓይኗ ይከብዳል ይሏት ይሆናል። የአማቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሞት ጣልያንኛም ሲሰማ የኖረ ነው። ለሚስቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አትንገሩኝ ያለችው ነገር ነው።

ልጁ የታመመው ሦስት ዓመት አልፎት በክረምት ነው። ያን ሰሞን በውጊያው ምክንያት መንገድ ተዘግቷል። ከባሕር ዳርም ከወልድያም መኪና አይገባም፤ ስልክ የለም፤ ገበያው በወጉ አይቆምም። ጋራዤ ውስጥ የሚሠራ መኪና አልነበረም። ጠዋት ትኩሳት ይዞት ተነሣ። እናቱ ብርድ ነው ብላ ሸፈነችው። ረፋዱ ላይ አስመለሰው፤ እኩለ ቀን ሲሆን አንገቱ ወደ ኋላ ተገትሮ፣ ብርሃን ሲያይ የሚያለቅስ ሆነ። በጋቢ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሚስቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ተከተለችኝ።

ተረኛው ወጣት ሐኪም አንገቱን ለማጠፍ ሞክሮ ተወው። «ማጅራት ገትር ይመስላል» አለ። «አሁኑኑ መርፌ መጀመር አለበት። ግን መድኃኒቱ አልቆብናል። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የገባ የለም። ከተማ ውስጥ ፈልግ፤ ከማንም ቢሆን ፈልገህ አምጣ።»

ወጣሁ። ከከተማው ዳር ተኩስ ይሰማ ስለነበር ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የመድኃኒት ቤቶቹን በር አንድ በአንድ እየደበደብኩ ሄድኩ። አንዱ ጋ ዘበኛው ባለቤቱ ከተማ ውስጥ የለም አለኝ። ሌላው ጋ በሩን ከፍተው መደርደሪያውን አሳዩኝ፤ ባዶ ነው። ዝናቡ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። መንገድ መሃል ቆሜ «አምላኬ፣ አምላኬ» እያልኩ ስዞር፣ መኪናውን የምጠግንለት አንድ የሙስሊም ነጋዴ ትዝ አለኝ። መድኃኒት ቤት ነበረው፤ እሱም ዘግቶ ቤቱ ተቀምጧል። የግቢውን በር በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ወጥቶ ሲያየኝ ምን ሆንክ ሳይለኝ ጫማውን አደረገ። እየሄድን ነገርኩት። «ወላሂ ያለኝ ትንሽ ነው» አለ፤ «ለስንት ቀን እንደሚበቃው አላውቅም። ያለውን ውሰድ።» ተኩሱ እየተሰማ ሱቁን ከፍቶ፣ ጠርሙሶቹን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። «አላህ ያሽርልህ። ሩጥ!»

ስመለስ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሚስቴ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን ይዛለች። መርፌውን ወጉት። ሐኪሙ እንግዲህ መጠበቅ ነው ብሎ ወደ ሌላ ታማሚ ሄደ። መጠበቅ አልቻልኩም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ስሙ ትርጉም አለው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ነግረውኛል። ዳግም የተወለደ ማለት ነው። እዚያ አገር ልጅ የሞተባት እናት በላዩ ስትወልድ የምታወጣው ነው። ደግ ስም ነው። ይተርፋል።»

ዓይኗን ወደ ልጁ መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ «ዳግም ለመወለድ እኮ» አለች፤ «መጀመሪያ መሞት አለ።»

ከዚያ በኋላ በስሙ መጥራቱን ተወችው። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ «አንተ» ትለዋለች፤ «አንተ ልጅ። የኔ ልጅ።» ስሙ እሳት የሆነባት ይመስል አፏ አልደፍር አለ።

አማቴ ወሬው እንዴት እንደ ደረሳቸው እስካሁን አላውቅም። በዋናው መንገድ ሰው እንዳያልፍ ተከልክሎ ስለነበር ከጋፋት በእግር መንገዱ፣ በእርሻው ውስጥ አቋርጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በማግስቱ ደረሱ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ልጁን አይተው ግንባሩን በጠበል ዳሰሱትና «በስሙ ትጠሩታላችሁ?» አሉ። ሚስቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ነገሩን አጫወትኳቸው፤ የሰው ስም መሆኑን፣ ትርጉሙንም።

«ማን ጠይቁ አላችሁ?» ብለው ጮኹብኝ። አንድም ቀን ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። «ማን ጠይቁ አላችሁ! ትርጉሙ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ስሙ ነው! ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ጥሩት!» ተንበርክከው ጆሮው ላይ አፋቸውን ገጥመው «ሬናቶ፣ ሬናቶ፣ ልጄ ሬናቶ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ድምፃቸው እስኪሰልል ድረስ ጠሩት። የሌሎቹ ታማሚዎች ቤተሰብ ዞሮ ያያል። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ትኩሳቱ በረደ። ዓይኑን ገልጦ እናቱን አየ። ወተት በማንኪያ ዋጠ። አንገቱ ለሰለሰ። ወጣቱ ሐኪም ጨብጦኝ «እድለኛ ነህ» አለኝ። ሚስቴ መሬቱን ሳመች። ቤት ስንገባ ጎረቤቱ እልል አለ፤ ሾተላይ ያሉትም እልል አሉ።

የልጁ እርምጃ ግን የተዛባ ነበር። እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ድካም ነው አልን። ሲጠሩትም ዞር አይልም። «አኩርፎናል» አለች ሚስቴ፤ «መርፌው አናዶታል። ተወው፣ ይረሳዋል።»

አንድ ቀን ጠዋት ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። ጀርባውን ሰጥቶን መሬት ተቀምጦ ዳዶ ይደረድራል። አንዱ ሠራተኛዬ የከባድ መኪና ቸርኬ ከእጁ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሁላችንም ዘለልን። መንገድ ላይ ያለፈች ሴት «በስመአብ!» ብላ አማተበች። ልጁ ዳዶውን ይደረድራል።

ሠራተኛዬ እኔን አየኝ። ሁለት ቁልፍ አንሥቼ ከልጁ ጭንቅላት ጀርባ አጋጨሁ። ደግሜ አጋጨሁ። ሠራተኛዬ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ይተዉት» እያለ እጄን እስኪይዘኝ ድረስ ሳጋጭ ነበርኩ። በመጨረሻ ልጁ ጥላዬን አይቶ ዞረ፤ ቁልፎቹን ሲያይ እየተጫወትኩ መስሎት ሳቀ።

መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ወሰድነው። የጆሮ ሐኪሙ በመሣሪያ መርምሮ በሽታው የመስሚያውን ሥር እንደ ጎዳው ነገረን።

«ይመለሳል?» አለች ሚስቴ።

«አይመለስም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም፣ እህቴ።» ከዚያ አስከትሎ፣ የማይሰማ ልጅ የለመደውን ቃል ቀስ በቀስ እንደሚረሳው፣ ሳይዘገይ የምልክት ቋንቋ ወደሚያስተምሩበት ቦታ እንድንወስደው መከረን። ሚስቴ ይህን የሰማችው አልመሰለኝም።

አማቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይሂድ፣ ጠበሉ ያድነው ይሆናል አሉ። ሄድን። ፍል ውሃው ውስጥ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ውሃውን እየረጨ ሳቀ፤ ከመታመሙ በፊት እንደሚስቀው ነው የሳቀው። በመጣንበት መኪና፣ እንደማይሰማ እንዳለ ይዘነው ተመለስን።

ቃሎቹ ሐኪሙ እንዳለው አንድ በአንድ ሄዱ። መጀመሪያ «መኪና» ጠፋ። ከዚያ «ውሃ» ጠፋና ጣቱን ወደ ማሰሮው መቀሰር ጀመረ። «እማ» የሚለውን ያቆመ ዕለት ሚስቴ ምግብ አልቀመሰችም። የቆየለት የራሱ ስም ነው። እሱም እየተሸረፈ ሄዶ «ናቶ» የነበረው «አቶ» ሆነ። ደረቱን በጣቱ እየነካ «አቶ» ይላል። ጋራዥ የሚመጡ ደንበኞች «አቶ ማን?» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው ስቄያለሁ። ሚስቴ ግን እንዲህ የሚቀልድ ሰው ቤቷ አይገባም።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ሐኪሙ ያለውን የምልክት ቋንቋ ትምህርት ቤት ደጋግመው ያነሡልናል። እኔም ልቤ ወደዚያው ነው። ባነሣባት ቁጥር ግን ሚስቴ ታለቅሳለች፤ «በእጁ መናገር ካስተማሩት አፉን ይረሳል» ትላለች። ሐኪሙ ያለውን ብነግራት፣ አሮጊቷ ቢመክሯት አልሰማ አለች። አሁን መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ እሱም ምክንያት ሆናት።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ልጁን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ትንሿን መዳፉን የራሷ ጉሮሮ ላይ አድርጋ ስሙን ጮክ ብላ ትጠራለታለች፤ ንዝረቱ በእጁ እንዲገባው ነው። ከዚያ መዳፉን ወደ ራሱ ጉሮሮ መልሳ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን «አ» የሚል ድምፅ ይወጣዋል። አንዳንድ ቀን ከንፈሩን ብቻ ከፍቶ፣ እሷን ደስ ለማሰኘት ይስቃል።

ዛሬ ጠዋት ከንፈሩን ብቻ ነው የከፈተው። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ስሙን አለ አይደል?» አለችኝ። «ሰምተኸዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት። የሥራ ቱታዬን ለብሼ ወጣሁ።